ማንገቻው

ከወረዳው አዳራሽ ሰልፉ በር አልፎ ወጥቶ፣
ጎማ ጠጋኙ ዘንድ ደርሷል ተጎትቶ።
ቱሉ ዲምቱ ጠዋት፤ በማዳበሪያ ጆንያ፣
በሕፃን ብርድ ልብስ ብረት ወጥቷል ለገበያ።
እኔ መዝጋቢ ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ
ሦስት እስክሪብቶ፣ ማኅተም፣ የቀዘቀዘ ሻይ፤
ዐይነት፣ ቁጥር፣ ባለቤት፣ ዋጋ ብሎ ያለቀ፣
መዝገቡ ሌላ ነገር ከሰው አልጠየቀ።

አምና ስብሰባ ነበር፣ ስለዚሁ ጉዳይ።
አለቃዬ ምትኩ ቆሞ መድረኩ ላይ፣
«አዋጁ ተሻሽሏል፤ ያልተመዘገበ
መሣሪያ የያዘ ሰው...» እያለ አነበበ።
ከኋላ አንዲት ሴት፣ የሽንኩርት ነጋዴ፦
«የልጄን ገዳይስ መዝግባችኋል እንዴ?»
አዳራሹ ዝም። ማይኩ ሲጢጥ አለ።
«ጥያቄሽ ተይዟል» ተብሎ ተዘለለ።
አንዱ ደግሞ ተነሣ፦
«ሌባ ገባ ብንል ነዳጅ የለም ያላችሁ፣
ብረት ውሰዱ ሲባል ከየት መጣ መኪናችሁ?»
ሳቅና ጭብጨባ። እኔ ግን ስጽፈው፣
«ሕዝቡ ደግፎታል» ነው ቃለ ጉባኤው።

ዛሬ እንግዲህ ይኸው። የሚመጣው ይህ ነው፦
አፈሙዙ የዛገ፣ ምላጩ የጠፋው።
የበያጁ ልጅ ደግሞ ጓንዴ ይዞ መጣ፣
ቀለሙ ያልደረቀ፣ ከቧንቧ የወጣ፤
ሳጅን ፍሬሰንበት አሽትቶ እየሳቀ፦
«ለውኃ ልማት ሽጥ፤ እኛ ጋ አለቀ።»
ወይዘሮ ዘርትሁን ሽጉጥ አመጡልኝ፤
«ከባሌ ትራስ ሥር ነው፤ ስሜን አትጻፊልኝ።»
እሺ አልኩ። ዐምዱ ላይ፣ ባለቤት በሚለው፣
«ትራስ» ብዬ ሞላሁ፤ አሁንም እዚያው ነው።
ክላሽ ግን አልመጣም። የት እንደተቀበረ
ሰልፉ እርስ በርሱ በዐይን ተነጋገረ።

አቶ ጉርሜሳ ዳዲ፣ ሠላሳ አራተኛ፣
ትላንት ባለመሬት፣ ዛሬ የብሎክ ዘበኛ፤
ይህ አዳራሽ ያለበት ሽምብራ የዘሩበት፣
ያ ብሎክ ሃያ ሁለት በሬ የፈቱበት።
ምንሽሩን አኖሩት በሁለት እጃቸው፤
ሞራ ሞራ ይሸታል፣ እሱም ካፖርታቸው።
ዋጋውን ነገርኳቸው።
«መሬቱን በካሬ፣ ብረቱን በቁራጭ፣
እናንተ ገዢ ናችሁ፤ እኔ ሁሌ ሻጭ።
ካሳውን አውቀዋለሁ፤ ለሦስት ልጅ ሲካፈል
አንድ ባጃጅ ወጣው፤ እሷም ገባች ገደል።»

መዝገቡ ባይጠይቅም እኔ ጠየቅኋቸው፦
ተኩሰውበት ያውቁ እንደሆን በዕድሜያቸው።
«ሁለቴ ነው» አሉ፤ «ለሠርግና ለሐዘን፤
ሁለቱም ወደ ሰማይ፤ እሱም ታገሠን።
ሦስተኛዋ ይቺውላት!» ጥይት ከኪስ አወጡ፤
«እነዚያ ቀያሾች ገመድ ይዘው የመጡ
ዕለት አጉርሼው፣ አንድ ዐይኔን ጨፍኜ ሳይ፣
ሚስቴ እጇን ጣለች አፈሙዙ ጫፍ ላይ።
ሳትናገር ቆመች፤ እኔም አልተናገርኩ፤
ቀያሹ ውኃ ሲለኝ ቀድቼ አቀበልኩ።»

ለጥይት ዐምድ የለም። ጻፍኳት በኅዳጉ፣
እሳቸው ቀለም ነክተው አሻራ ሲያደርጉ።
ከዚያ ፈቱት ያንን የጠፍር ማንገቻ፤
«ይህን አልሸጥኩላችሁ፤ ብረቱን ነው ብቻ።»
ሳጅኑም አየኝ፣ እኔም። ደንቡን ብንበትንም
ስለ ማንገቻ የሚል አንቀጽ አላየንም።
ምንሽሩ ተወስዶ ገባ ግምጃ ቤት፣
ከአምናው ባነር ሥር፣ ጣራው ከሚያፈስበት።
ደረሰኝ ሰጠኋቸው፤ ገንዘቡ ግን ገና፤
ምትኩ እንደሁ ይላል፦ «በጀቱ ይመጣና...»

ሰኔ ላይ አየኋቸው፣ ብሎክ ሃያ ሁለት፣
ቧንቧው ከደረቀ ሳምንት በሆነበት፤
ጀሪካን በጀሪካን፣ ዐሥር ብር እየበሉ፣
አራተኛ ፎቅ ድረስ ውኃ ያመላልሳሉ።
ያው የግራ ትከሻ፣ ያው የጎደጎደው፣
ያው የጠፍር ማንገቻ፤ ጭነቱ ብቻ ነው።
ልደበቅ ነበረ። ከደረጃው መሐል
«ይመጣና...» አሉኝ።
ውኃው ጠብ ጠብ ይላል።